ባለቤት ያለው ድምፅ

የፊልም ማጀቢያ የሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተናው ዝምታ ነው። ጸጥ ያለ ትዕይንት ሲሰጠን እጃችን ወደ ኪቦርዱ ይሮጣል፤ ተመልካቹ ገና ሳያዝን በቫዮሊን ልናስለቅሰው እንቸኩላለን። ከዚህ ጥድፊያ የሚመልሰኝ የጣሊያናዊው ኤንዮ ሞሪኮኔ ሥራ ነው።

ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1928 ሮም ውስጥ ከትረምፔት ተጫዋች አባት ተወለደ። ራሱም ትረምፔትና የሙዚቃ ድርሰት ተምሮ ለዘፋኞች ሲያቀናብር ቆየ። በ1964 ከልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛው ከዳይሬክተር ሰርጆ ሊዮኔ ጋር መሥራት ከጀመረ በኋላ ፉጨት፣ ጅራፍና ኤሌክትሪክ ጊታር የማጀቢያው አካል ሆኑ።

እኔ ደጋግሜ የማየው የሁለቱን የ1968 ፊልም «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው። ሲከፈት ሦስት ታጣቂዎች ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው ይጠብቃሉ። የነፋስ ወፍጮ ይንቋረራል፣ ዝንብ ይጮኻል፣ ውኃ ባርኔጣ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሙዚቃ ግን የለም። ባቡሩ ሄደ፣ የመጣ ሰው የለም ሲባል ከጀርባቸው ሃርሞኒካ ይሰማል። ዜማ ለመባል የማይበቃ፣ ተጠጋግተው የሚፋጩ ጥቂት ኖታዎች ብቻ ናቸው።

ሃርሞኒካው ለምን እንዲህ እንደሚያቃስት የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ነፊው ገና ልጅ ሳለ ገዳዩ ፍራንክ ሃርሞኒካውን አፉ ውስጥ ወትፎበታል። ልጁ አንገቱ በገመድ የታሰረ ወንድሙን በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። የሰማነው ሁሉ የዚያ ልጅ ትንፋሽ ነበር።

ይህ የሆነው ዋናዎቹ ዜማዎች ከቀረጻው በፊት ስለተዘጋጁ ነው፤ ሊዮኔ ተዋንያኑ ሲሠሩ ያሰማቸው ነበር። አብዛኞቻችን የምንጠራው ግን ኤዲቲንጉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረን ስንጥቅ መድፈን ብቻ ይሆናል።

ሞሪኮኔ ባጀበው በ1986ቱ ፊልም «ዘ ሚሽን»ም ዜማው የሚጀምረው ጫካ ውስጥ ከተቀመጠ ቄስ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ከኦቦ ነው። ተመልካቹ ዜማውን ከሰውየው እጅ ስለተቀበለው፣ በኋላ በኦርኬስትራ ገዝፎ ሲመጣ እንግዳ አይሆንበትም።

ስለዚህ ስክሪፕት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጽፈው ኖታ አይደለም። በትዕይንቱ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሁሉ እመዘግባለሁ፤ ከዚያ ዳይሬክተሩን «ይህ ድምፅ የማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ ቦታውን ለዝምታ እተወዋለሁ። ጀማሪ አቀናባሪዎችም ይህን እንዲለምዱ እመክራለሁ፤ የድምፁን ባለቤት ያወቀ ሰው በሁለት ኖታም ታሪክ ይነግራል።