ቀይ ቀለም የሚያርፍበት መጽሐፍ

ዳዊት ስጽፍ ሁለት የቀለም ቀንድ ከፊቴ መሬት ላይ እተክላለሁ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ለርእስና ለአምላክ ስም ነው። 150ውን መዝሙር ስጽፍ አንድ መስመር ሳልጨርስ ጥቁሩን መቃ አስቀምጬ ቀዩን አነሣለሁ። ለስሙ ቦታ እየተዉ አልፈው በኋላ በቀይ የሚሞሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ አልወደውም፤ ክፍት የተተወ ቦታ ይረሳል።

ከመዝሙሩ ቀጥሎ 15ቱ የነቢያት ጸሎት፣ ከዚያ መኃልየ መኃልይ ይመጣል። እዚህ ስደርስ ቀዩ መቃ ይደርቃል። መጽሐፉ ስለ ከንፈር፣ ስለ ወይን ቦታ፣ ሌሊት ከተማውን እየዞረች ውዷን ስለምትፈልግ ሴት ያወራል እንጂ የእግዚአብሔርን ስም በግልጽ አያነሣማ። ጀማሪ ሳለሁ አፍሬ ጠየቅሁ፤ “የኔታ፣ ይኼ ከዳዊት ጋር ምን አገናኘው?”

“እናትህ አባትህን በስሙ ትጠራዋለች?” አሉኝ።

አትጠራውም። “እሱ መጣ”፣ “እሱ አልበላም” ነው የምትለው። በቤታችን ሌላ “እሱ” አልነበረም።

ሊቃውንቱ ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽራዪቱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም የምእመን ነፍስ ብለው እንደሚተረጉሙት ኋላ ተማርኩ። እኔ ግን የያዝኩት የእናቴን “እሱ” ነው።

ይህ ክፍል ለጸሐፊ ወጥመድ አለው። ፍቅርን አትቀስቅሱ እያለ የኢየሩሳሌምን ልጆች የሚያምለው ቃል 3 ጊዜ ይመለሳል። አንድ ቀን ዐይኔ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዘሎ በመካከል ያለውን ገደፍኩ። በቢላ ስፍቅ ብራናው በጠጉሩ በኩል ሳስቶ ኖሮ ተበሳ። ሌላ ፍየል ከማስፈቅ ብዬ በጅማት ሰፋሁት፤ ቃሉንም ቀዳዳውን አዙሬ ጻፍኩ። ባለቤቱ ሲረከበኝ አየው፣ ምንም አላለም።

ለጥገና የሚመጡልኝን አሮጌ ዳዊቶች ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የቅጠሉን ጠርዝ ነው። ከጠላት አድነኝ የሚባልባቸው መዝሙሮች በአውራ ጣት ወዝ ጠቁረዋል፤ አንዳንዱ የእንባ ይሁን የሰም ያልለየሁት ነጠብጣብ አለበት። ሰው ሲጨንቀው ወደ እሱ መሮጡ ደግ ነው፤ አባቶች ያንን ጩኸትና ይህን የፍቅር ዜማ በአንድ ማኅደር የከተቱት ግን አንዱን ብቻ እንድንደግም አይመስለኝም። መኃልዩ ላይ ስደርስ ቅጠሉ እኔ የፋቅሁት ያህል ንጹሕ ነው።

እባክህ፣ ዳዊት ደጋሚ ከሆንክ እሱንም አቆሽሸው።