ጥርስ የሚይዘው የጡት ዘመን

አንዲት እናት «ልጅሽን ስንት ወር ጡት ብቻ አጠባሽው?» ተብላ ብትጠየቅ በግምት ትመልሳለች። አይፈረድባትም፤ የመጀመሪያውን የገንፎ ጭልፋ ቀን ማን ይመዘግባል? የልጇ የወተት ጥርስ ግን መዝግቦታል።

ጥርስ ማደግ የሚጀምረው ገና በማሕፀን ነው። በየዕለቱ እንደ ዛፍ ቀለበት መስመር እየጨመረ ይሄዳል፤ የውልደት ዕለት ራሱ ጎላ ያለ መስመር ትቶ ያልፋል። ባሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሕፃኑ ጡት ሲይዝ መጠኑ ይጨምራል፤ የዱቄት ወተት ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያይላል። ተመራማሪዎች ጥርሱን በጨረር እየጫሩ የባሪየሙን መጠን መስመር በመስመር ይለካሉ። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ቤልጂየም ውስጥ የተገኘ አንድ የኒያንደርታል ልጅ ሰባት ወር ያህል ጡት ብቻ እንደጠባ፣ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲሆነውም በድንገት ጡት እንደተወ አሳይቷል።

ቅሪተ አካሏ ዲኪካ ላይ የተገኘው የእኛዋ ሰላምም የጥርስ ምስክር አላት። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተችው ሕፃን ዕድሜዋ 861 ቀን እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 የታወቀው የጥርሶቿን እድገት በመቁጠር ነው፤ በወር እንኳ አይደለም፣ በቀን!

ልጅዎ የወለቀ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሲሮጥ እስቲ አንድ አፍታ ተቀብለው ይዩት።