የልምምዱ ሰዓት

በስኮትላንዳዊው ሜል ያንግና በኦስትሪያዊው ሃራልድ ሽሚድ እ.ኤ.አ. በ2001 ታስቦ፣ በ2003 በግራትስ ከተማ በ18 ቡድኖች የተጀመረው የቤት አልባዎች የዓለም ዋንጫ ዓላማው ከሁሉ ይልቅ በአንድ ደንቡ ይገለጣል፤ አንድ ተጫዋች በሕይወት ዘመኑ የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደንቡ ጠንካራ ቡድን መገንባት ለሚሻ አሰልጣኝ እንቅፋት ቢመስልም፣ ሜዳው ለተጫዋቹ መሸጋገሪያ እንዲሆንለት የታሰበ መሆኑን ያስረዳል።

ጨዋታው የጎዳና እግር ኳስ ይባላል። ግብ ጠባቂውን ጨምሮ በየወገኑ አራት ተጫዋቾች ተሰልፈው በአነስተኛ ሜዳ ሁለት የ7 ደቂቃ አጋማሾችን ሲጫወቱ፣ ተጠባባቂዎች ያለ ገደብ ስለሚቀያየሩ፣ በረሃብ ወይም በሕመም የተዳከመ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ወጥቶ፣ ዐረፍ ብሎ፣ ሳይሸማቀቅ ይመለሳል።

አሰልጣኙ ኳስ ከማስነካቱ በፊት የሚያሰናዳው ብዙ ነው። ደጅ የሚያድር ሰው ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ስለሚዞር፣ ዕቃው ከዓይኑ ከራቀ ሐሳቡ ይከፈላል፤ ስለዚህ የሁሉም ጓዝ ከመስመሩ ዳር፣ ባለቤቱ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ቀጥሎ እግር ይታያል፤ በእርጥብ ካልሲ የከረመ እግር በጣቶቹ መካከል ሊላጥ፣ ተረከዙም ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ደረቅ ካልሲና ልክ የሆነ ጫማ ሳይሰጡ ማስሮጥ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ብርድ ላይ ላደረ ሰውነት ማሟሟቂያው፣ ማለትም ጡንቻን ለልምምድ የሚያዘጋጀው ቀላል እንቅስቃሴ፣ ረዘም ሊል ይገባዋል።

ይሁንና ከቴክኒኩ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው የሰዓቱ አለመዛነፍ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ለሌለው ሰው፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት በስሙ ተጠርቶ «ዛሬም መጣህ» መባል ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር የሚያገናኘው የመጀመሪያው ቀጠሮ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በፊላዴልፊያ የተመሠረተው ባክ ኦን ማይ ፊት የተባለው ድርጅትም ሰዎችን በማለዳ በቡድን ሲያስሮጥ፣ ወደ ሥልጠናና ሥራ ፍለጋ ድጋፍ የሚያሸጋግራቸው ፍጥነታቸውን ሳይሆን አዘውትረው መገኘታቸውን አይቶ ነው። ሩጫም ሆነ ኳስ የቤት ኪራይ አይከፍልምና፣ ከሜዳው አጠገብ የቤትና የሥራ ጉዳይ የሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ ከሌለ፣ አሰልጣኙ የቀሰቀሰው ተስፋ ተመልሶ ጎዳና ላይ ያድራል። ሥራ አግኝቶ ከልምምድ የቀረ ተጫዋችም እንደ ቀሪ አይቆጠርም፤ የሚቻል ከሆነ የልምምዱ ሰዓት ከሥራ መውጫ በኋላ ይደረግለታል።