ቃልና ዜማ በመዝሙር ትምህርት

በኢሉባቦር፣ በያዮና በመሰል ወረዳዎች የሚሰጠው የመዝሙር ትምህርት ሲገመገም የጌረርሳ ድምፅ ሚዛን ሊሆን ይገባል። ጌረርሳ አንድ ሰው ጀግንነትን ወይም ብሶትን የሚያዜምበት፣ ቃል ዜማን የሚመራበት የኦሮሞ ጥበብ ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአንቺሆዬና በአምባሰል ቅኝቶች ብቻ ቢመዘን ውበቱ ይሰወራል።

በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል። «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት፣ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ነው። አማርኛ ይህ ጠባይ ስለሌለው፣ ለአማርኛ ግጥም በተበጀ ዜማ ላይ የኦሮምኛ ቃል ሲጫን ሕፃኑ ያላሰበውን ሊዘምር ይችላል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ በር ከፍቷል፤ ቃሉን ተርጉሞ ዜማውን እንዳለ መተው ግን ሥራውን በከፊል መተው ነው። ስለሆነም ግጥሙ አስቀድሞ በንግግር ቃና ይነበብ፤ ረጅሙና አጭሩ ድምፅ ከተለየ በኋላ ዜማ ይበጅለት።