ዋናውና ግልባጩ

ሥዕል አይቶ «አማረ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ «እውነት ይናገራልን?» ብሎ መጠየቅ ግን የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ለዚህም የአንድሮሜዳን ሥዕል ምሳሌ አድርጌ ለጅማና ለአካባቢዋ ወጣቶች ላመለክት እወዳለሁ።

የግሪክ ተረት እንደሚለው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ በውበት ስለ ታበየች የባሕር አውሬ በአገሩ ላይ ታዘዘ፤ ልጅቱም የአውሬው መብል እንድትሆን በዓለት ላይ ታሰረች፤ ፐርሴዎስ የተባለው ጀግና ግን አውሬውን ገድሎ አዳናት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ መልኳ ጠይም እንደ ነበረ ጽፏል።

ስመ ጥሩው የቬኒስ ሠዓሊ ቲሲያኖ ይህን ታሪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1554 እስከ 1556 ባለው ጊዜ ለእስፓኙ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊልጶስ ሣለው። ከሰማይ ቁልቁል የሚወረወረው ፐርሴዎስ በእውነት ድንቅ ነው። ልጅቱ ግን እንደ ቬኒስ እመቤት ነጭ ናት። በ1564 ጆቫኒ ባቲስታ ፎንታና ሥዕሉን በመዳብ ገበታ ገለበጠው። የመዳብ ሥራ እንዲህ ነው፤ መስመሩ በገበታው ላይ ይሠረሠራል፥ ቀለም ይሞላበታል፥ ፊቱ ተወልውሎ በወረቀት ላይ ይታተማል። ዋናው በቤተ መንግሥት ሲቀመጥ ግልባጩ በዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስሕተትም አብራው ትዞራለች።

በዚህ ሥራ ነጭ ገላ ማለት መስመር እምብዛም ያልነካው ወረቀት ነው፤ ጠይም ገላ ለማሳየት ግን ቀራጩ መስመር በመስመር መድከም አለበት። ይህን ድካም የተቀበሉም አልታጡም። በ1655 በፓሪስ በታተመ የተረት ሥዕሎች መጽሐፍ ውስጥ ዲፔንቤክ በነደፈው ሥዕል አንድሮሜዳ ጥቁር ሆና ትታያለች። እኔ የእጅን ጥበብ ስመዝን ቲሲያኖን፥ ታማኝነትን ስመዝን ግን ዲፔንቤክን አስቀድማለሁ።

ይህ ነገር ለቡና አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የቡና ጥንተ ቦታው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ሲሆን፥ አውሮፓ ያወቀው በዓረቦች በኩል ነበርና ሊኔዎስ በ1753 «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ ነጋዴውም በየመን ወደብ ስም «ሞካ» አለው።

ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፥ ቁጣ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ነበር፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች እንዲያውም ዓለቱን በፍልስጥኤም ባሕር ዳር በኢዮጴ ያደርጉታል። ስለዚህ አንድሮሜዳ የአገራችን ልጅ ናት ብሎ መፎከር ሌላ የተሳሳተ ግልባጭ ማተም ነው። የሚሻለው የጅሬንን ቤተ መንግሥት፥ የአጋሮንና የሊሙን ቡና ታሪክ ሽማግሌዎችን ጠይቆና አመሳክሮ መጻፍ ነው። ባዶ የተተወውን ወረቀት ሌላው እንደ ወደደ ይሞላዋልና።