መብራት የማይፈልገው የኮምፒውተር መጽሐፍ

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የኮምፒውተር መምህር ምን ያደርጋል? እኔ እዚህ ካኩማ ክፍሉን ዘግቼ ተማሪዎቹን አሰናብት ነበር። አሁን ግን «ኮምፒውተር ሳይንስ አንፕለግድ» የሚባለውን መጽሐፍ አወጣለሁ። ቲም ቤል፣ ኢያን ዊተን እና ማይክ ፌሎውስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሲሆን ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። የሚያስተምረው ያለ ኮምፒውተር፣ በጨዋታ ነው።

እስኪ አንዱን ልንገራችሁ። አምስት ካርቶን ቆርጣችሁ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ሳሉባቸው። አምስት ተማሪዎች ከተመልካቹ ግራ ጀምሮ በዚሁ ቅደም ተከተል ይዘው ይቁሙ። ነጥቡ ከታየ 1፣ ካርዱ ከተገለበጠ 0 ነው። 9ን ለማሳየት 8 እና 1 ብቻ ይታያሉ፤ ይኸውም 01001 ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ከ0 እስከ 31 መቁጠር ይቻላል። ኮምፒውተር ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ መጽሐፍ የለም።

ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬም በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በአጠቃቀማችን ላይ ነው። መጽሐፉ የሚያሠለጥነው አእምሮን እንጂ ጣትን አይደለም። ባለፈው ተርም በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣችውን ተማሪ «በይ የጻፍሽውን ሴቭ አድርጊ» ብላት ማውሱን ይዛ ዝም አለች። ለካስ አንድም ቀን ተራ ደርሷት አያውቅም! ሁልጊዜ ቀድመው የሚቀመጡት እነዚያው ሦስት አራት ወንዶች ነበሩ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጋና ውስጥ ሪቻርድ አፒያ አኮቶ የተባለ መምህር የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሎ ሲያስተምር ፎቶው ዓለምን ዞረ። ሁላችንም አደነቅነው። ግን እሱ የሳለው ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ስላልነበረው ነው። እኛ ጥቂትም ቢሆን አለን። ስለዚህ ካርዱ የኮምፒውተሩ ምትክ ሳይሆን የተራ መጠበቂያ ይሁን። አንዱ ቡድን በካርድ ሲሠራ ሌላው ኪቦርድ ላይ ይቀመጥ፤ ተራው በስም ተጽፎ በሰዓት ይያዝ፤ ነክተው የማያውቁት ይቅደሙ።

ዋና በወረቀት አይለመድም። መምህራን፣ መጽሐፉን አውርዱት፤ ተማሪዎችም ተራችሁን ጠይቁ።