መርፌ ያልነካው ሸክላ

አሜሪካዊው ሰብሳቢ ያልተከፈተ የድሮ ቤዝቦል ካርድ እሽግ ቢያገኝም ልቡ አያርፍም፤ አብሮት የታሸገው ማስቲካ ካርዱን አቆሽሾት፣ የፋብሪካው መቁረጫ አዛብቶት ይሆናላ! የእኛ ሸክላ ጣጣው ይብሳል፤ የተሠራው ሊጨፈርበት ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙሮች ከግብዣ ግብዣ ዞረዋል፣ መርፌ አርሷቸዋል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያየኋቸው ሁሉ የተጫጫሩ ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን፣ አንዲት እናት ሳሎን ውስጥ፣ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን አንዱን ከፖስታው አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ጭረት የለም። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ እንኳ፣ ማጫወቻው ላይ ሲቀመጥ የሚተወው ምልክት አይታይም።

«እማማ፣ እንዴት ሳይሰሙት ቀሩ?»

«ማጫወቻው ተበላሽቶ ነው እንጂ ልጄ፣ እኔማ እጨርሰው ነበር!»